ቶጎጫሌ በጆርናል ብቻ አትጠናም

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ከመምህር ወደ ተማሪ ሲወርድ ሲዋረድ ሕግ የሆነ አንድ ትእዛዝ አለ፤ «ጆርናል ብቻ ጥቀስ»። አንዳንዱ አማካሪ «ከአምስት ዓመት ወዲህ የወጣ» የምትል ይጨምርበታል። መጽሐፍ እያንገራገሩም ቢሆን ያሳልፉታል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዘገባ፣ የረድኤት ድርጅት የመስክ ጥናት፣ የምርምር ተቋም የውይይት ጽሑፍ፣ የጋዜጣ ዜና፣ አንዳንድ ጊዜ ነጋሪት ጋዜጣ ሳይቀር «ሳይንሳዊ ምንጭ አይደለም» ተብሎ በቀይ ይሰመርበታል። ተማሪው ምክንያቱን ብዙም አይጠይቅም። ቢጠይቅም «ጆርናል በባለሙያ የተገመገመ ነው» የሚል መልስ ያገኛል፤ ክርክሩም እዚያው ላይ ይዘጋል።

እኔ ግን ክርክሩ ገና አልተከፈተም ባይ ነኝ። የኅትመት ዓይነቶችን ለይቶ ማወቅ ለተመራማሪ የግድ መሆኑን ማንም አይክድም። ችግሩ መለየቱ ማበላለጥ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። ከላይ ጆርናል፣ ከታች ሌላው ሁሉ ተደርድሮ ተማሪው ደረጃውን ይሸመድዳል፤ ደረጃውን ካወቀ ወዲያ ጽሑፉ እንዴት እንደተሠራ መመርመር ትርፍ ድካም ይመስለዋል። የዚህ አስተሳሰብ ጉዳት ደግሞ ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ስለ ዓባይ ግድብ ወይም ስለ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የሚያጠና ሰው ጆርናል ውስጥ ብዙ ያገኛል። ቶጎጫሌን የሚያጠና ግን ትእዛዙን ካከበረ ስለ ከተማዋ ከተጻፈው ውስጥ አብዛኛውን ሳያይ ይመረቃል።

ቶጎጫሌ ከጅጅጋ በስተምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ድንበሩ ላይ ያለች ከተማ ናት። ማዶ የሶማሌላንዷ ዋጃሌ አለች፤ ከዚያ መንገዱ ወደ ሐርጌሳ፣ ከሐርጌሳም ወደ በርበራ ወደብ ይቀጥላል። ከወዲህ በግ፣ ፍየል፣ ግመልና የቀንድ ከብት ይወጣል፤ ጫት ይወጣል። ከወዲያ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ልብስ፣ ኤሌክትሮኒክስ ይገባል። ከፊሉ በጉምሩክ ኬላ በኩል፣ ከፊሉ ኬላውን ዞሮ። አንዲት የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የማስተርስ ጽሑፏን በዚህ ንግድ ላይ ልትሠራ ተነሣች እንበል። በዓመት ስንት እንስሳ ይሻገራል? ገንዘቡን ቀድሞ የሚያወጣው ማነው? ተዋውቀው የማያውቁ ሻጭና ገዢ በደላላው ቃል የሚተማመኑት በምን ዋስትና ነው? ሕጉ ምን ይላል፣ መሬት ላይ ያለውስ ምንድን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የከተማዋ ነዋሪ ሁሉ በየቀኑ የሚኖራቸው ናቸው።

ጆርናል ስትፈልግ ፊን ስቴፑታትና ቶቢያስ ሃግማን ስለ በርበራ ኮሪደር እ.ኤ.አ. በ2019 «ኢንቫይሮንመንት ኤንድ ፕላኒንግ ዲ» በተባለው ጆርናል ያወጡትን ታገኛለች። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ታንብበው። እነዚሁ ሁለት ተመራማሪዎች ግን በ2016 በዴንማርክ የዓለም አቀፍ ጥናት ተቋም በኩል ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ሶማሌዎች የንግድ መስመሮች፣ ስለ ሥልጣንና ስለ መንግሥት ምሥረታ ወርኪንግ ፔፐር አውጥተው ነበር። በትእዛዙ መሠረት የ2019ኙ ይጠቀሳል፣ የ2016ቱ ይጣላል። አብዲ ዑመር ከቦብ ባውልች ጋር ሆኖ በ2007 ስለ ሶማሌ ክልል ንግድና ገበያ ያዘጋጀው ሰፊ ጥናት ለተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ የተሠራ ዘገባ ስለሆነ ይጣላል። ተገኘ ተካ፣ አለማየሁ አዘዘና አየለ ገብረማርያም ስለ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ድንበር የቁም እንስሳት ንግድ በ1999 እ.ኤ.አ. በምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት (ኦስሪያ) በኩል ያሳተሙት ጥናትማ ሁለት ጊዜ ይወድቃል፤ አንድም የምርምር ሪፖርት ነው፣ አንድም አርጅቷል። የድንበሩን ንግድ ቀድመው በቁም ነገር ካጠኑት መካከል ያሉ ኢትዮጵያውያን በራሳቸው ሀገር የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ ያጣሉ ማለት ነው። እነሱን ጠቅሶ የጻፈ የውጭ ሀገር ሰው ግን ጆርናል ላይ ስለወጣ ይጠቀሳል። ዕውቀቱ የእነሱ፣ ክብሩ የሌላ ሰው ይሆናል፤ ይህ እኔን ያናድደኛል።

አሁን ወደ ቁጥር ጥያቄዋ እንምጣ። ተማሪዋ መቼም «መንግሥታዊ መረጃ» ትፈልጋለችና የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲን ዓመታዊ የእንስሳት ናሙና ጥናት ታወጣለች። ይህ መሥሪያ ቤት ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ይባላል። ብዙ ሰው ወደ ሠንጠረዡ ይሮጣል። ከሠንጠረዡ በፊት፣ መግቢያው ላይ፣ ስለ ጥናቱ ሽፋን የምታወራ አንዲት አጭር አንቀጽ አለች። በበርካታ ዓመታት ኅትመቶች ውስጥ ያች አንቀጽ ጥናቱ የሀገሪቱን ገጠር እንደሚሸፍን ትናገርና ወዲያው በአፋር የ3 ዞኖችን፣ በሶማሌ የ6 ዞኖችን በቋሚነት ያልሰፈሩ ነዋሪዎች እንደማይጨምር ታክላለች። በጊዜው ሶማሌ ክልል 9 ዞን ነበረው። ከ9ኙ በ6ቱ ውስጥ ከከብቱ ጋር የሚንቀሳቀሰው ሕዝብ አልተቆጠረም ማለት ነው። ኤጀንሲው አልደበቀውም፤ በግልጽ ጽፎታል። ጥፋቱ የሚመጣው ቁጥሩ አንቀጿን ትቶ ብቻውን ሲጓዝ ነው። አንድ ሰው «የኢትዮጵያ የእንስሳት ብዛት» ብሎ ጆርናል ላይ ያሰፍረዋል፣ ሌላው ያንን ጆርናል ይጠቅሳል፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ቁጥሩ «በተገመገመ ምንጭ የተረጋገጠ» ሆኗል። የጅጅጋዋ ተማሪ አማካሪዋ እንዳዘዛት ሦስተኛውን ትጠቅሳለች፤ የራሷ አያት ግመሎች ያልተቆጠሩበትን ቁጥር የሀገር ቁጥር ብላ ትጽፋለች።

ይህን ዓይነቱን ጉድለት ለማረም የሞከረው ደግሞ ጆርናል አልነበረም። ሮይ ቤንክና ፈቃዱ መታፈሪያ በ2011 እ.ኤ.አ. የእንስሳት ሀብት ለኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ያለውን ድርሻ ከሥር መሠረቱ እንደገና ያሰሉት በኢጋድ የእንስሳት ፖሊሲ ፕሮግራም ወርኪንግ ፔፐር ውስጥ ነው። የበሬ የማረሻ ጉልበት ጭምር ሲታሰብ የእንስሳት ድርሻ ከግብርናው የሀገር ውስጥ ምርት 45 በመቶ ያህል ይደርሳል አሉ። ይህም በብሔራዊ ሒሳቡ ከተለመደው እጅግ የላቀ ነበር። ጸሐፊዎቹ ከየት ተነሥተው፣ የትኛውን ግምት ወስደው፣ የቱን ጥለው እዚያ እንደደረሱ ወረቀቱ ውስጥ ደረጃ በደረጃ አስቀምጠውታል፤ የፈለገ ሰው ተከትሏቸው ሊሟገታቸው ይችላል። ከሳይንስ የምንጠብቀው ይህንን ነው። ወረቀቱን ግን «ወርኪንግ ፔፐር ነው» ብለው የሚጥሉ አሉ።

ተማሪዋ ከድንበሩ ማዶ ስትመለከት ሌላ ቁጥር ይገጥማታል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ2015 ባወጣው መግለጫ ሶማሊያ በ2014 ወደ 5 ሚሊዮን የቁም እንስሳት ወደ ውጭ ልካ ክብረ ወሰን መስበሯን ተናግሯል። ቆጠራው የሚካሄደው ወደብ ላይ፣ መርከብ ላይ ሲጫን ነው። በርበራ ላይ ከሚጫነው ውስጥ ብዙው በቶጎጫሌና በሌሎች የድንበር በሮች ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል የሄደ መሆኑን የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። ለወደቡ መዝገብ የሶማሊያ ወጪ ንግድ ነው፤ ለኢትዮጵያ ጉምሩክ መዝገብ አብዛኛው ጨርሶ አልሄደም። ሁለቱም መንግሥታዊ ቁጥሮች ናቸው፤ ሁለቱም ከተቀመጡበት ቦታ ያዩትን በትክክል መዝግበዋል። የሁለቱን ልዩነት ሊያስረዳት የሚችለው የቶጎጫሌ ገበያ ላይ ቆመው የቆጠሩና ነጋዴውን የጠየቁ ሰዎች የጻፉት የመስክ ዘገባ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን ፈርታ ከመስከረም 2000 እስከ ኅዳር 2009 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄዱ እንስሳትን ስታግድ በክልሉ ቤተሰቦች ገቢ ላይ የደረሰውን ለማወቅ የሚፈልግም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሴቭ ዘ ችልድረን ዩኬ ከመንግሥት የአደጋ መከላከል ቢሮ ጋር በየአካባቢው የሠራቸውን የኑሮ ዘዴ ጥናቶች መክፈት አለበት። የሀብታሙ፣ የመካከለኛውና የድኻው ቤት ምን በልቶ ምን ሸጦ እንደሚያድር ተዘርዝሮ የሚገኘው እዚያ ነው። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ጆርናል ገጽ የለኝም ብሎ አይቀበለውም።

ጋዜጣም ቢሆን የራሱ አገልግሎት አለው፤ አገልግሎቱን ካወቁበት። የጉምሩክ ኮሚሽን በየሳምንቱ «ይህን ያህል ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ኮንትሮባንድ ተያዘ» ብሎ ያስነግራል፤ ጋዜጦቹም ያትሙታል። ተማሪዋ ይህን «የኮንትሮባንድ መጠን» ብላ ከወሰደችው ተሳስታለች። የተያዘው ዕቃ የሚለካው የፈታሹን ትጋት ነው፤ ቁጥሩ ጨመረ ማለት ንግዱ ጨመረ ማለትም፣ ቁጥጥሩ ጠበቀ ማለትም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቁጥጥሩ መቼ እንደጠበቀና መቼ እንደላላ፣ የትኛው ዕቃ መቼ ዒላማ እንደሆነ ለማወቅ ከዚያ የጋዜጣ ዜና የተሻለ ምንጭ የላትም። ለአንዱ ጥያቄ የማይረባ ጽሑፍ ለሌላው ጥያቄ ዋና ማስረጃ ይሆናል። «ጋዜጣ አይጠቀስም» የሚል አማካሪ ይህን ልዩነት ለተማሪው የማስተማር ዕድሉን ራሱ ዘጋው።

ነጋሪት ጋዜጣን ላንሣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን አንድ ቅጂ ይውሰዱና የመጀመሪያውን ገጽ ይመልከቱ። ገጹ ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ። ራስጌው ላይ ዓመቱና ቁጥሩ፣ ከዚያ ቀኑ በሁለት ዘመን አቆጣጠር። ግርጌው ላይ «ያንዱ ዋጋ» የሚል ጽሑፍና የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ በግዕዝ አኃዝ ፹ሺ፩። ብዙ ተማሪ በግራ ያለውን ዓምድ ዘሎ የቀኙን ይገለብጣል፤ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ስለሚጽፍ። ነገር ግን ጋዜጣውን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ሁለቱ ሲለያዩ የበላይነት የሚኖረው አማርኛው መሆኑን ደንግጓል። የጉምሩክ አዋጁን ሲጠቅስ ደግሞ አንድ ቦታ 859/2006፣ ሌላ ቦታ 859/2014 ብሎ ይጽፋል፤ የምንጮቹ ዝርዝር ውስጥ አንዱ አዋጅ ሁለት ሕግ ሆኖ ይቀመጣል። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ 1160 መሻሻሉንም ሳያውቅ የቀረውን አላነሣም። ይህ ስሕተት ተደጋግሞ ይታያል፤ የሚመጣውም ነጋሪት ጋዜጣ ምን ዓይነት ኅትመት እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚነበብ ማንም ስላላስተማረው ነው። የተማረው «ጆርናል አይደለም» የሚለውን ብቻ ነው።

ወደ ድንበሩ ታሪክ ስንሄድ የደረጃው ሥርዓት ጨርሶ ይፈርሳል። በቶጎጫሌ በኩል የሚያልፈው መስመር መነሻው በ1897 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝና በኢትዮጵያ መካከል የተደረገው ውል ነው፤ መሬት ላይ የተተከለው ግን በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሁለቱ መንግሥታት የጋራ ኮሚሽን ነው። የእንግሊዙን ወገን የመራው ሌተና ኮሎኔል ክሊፎርድ ሥራውን የሚተርክ ጽሑፍ በ1936 «ዘ ጂኦግራፊካል ጆርናል» ላይ አወጣ። ጆርናል ነውና ተማሪው ያለ ስጋት ይጠቅሰዋል። ጸሐፊው ግን የጉዳዩ ባለቤት ነው! የአንድ ወገን መንግሥት መኮንን፣ ራሱ ያሰመረውን ድንበር ለራሱ ሀገር ማኅበር የሚያስረዳበት ምስክርነት ነው። ዋጋው ትልቅ ነው፤ ዋጋው ግን የምስክር ዋጋ ነው፣ የዳኛ አይደለም። ኮሚሽኑ በኅዳር 1934 እ.ኤ.አ. ወልወል ደርሶ ከኢጣሊያ ጦር ጋር ሲፋጠጥ የኢትዮጵያው ኮሚሽነር ተሰማ ባንቴና የአጃቢው ጦር መሪ ፊታውራሪ ሺፈራው ያዩትን የሚፈልግ ሰው ጆርናል ውስጥ አይደለም የሚያገኘው። መንግሥታችን ለመንግሥታቱ ማኅበር ያቀረባቸውን ቴሌግራሞችና አቤቱታዎች ማየት አለበት። እነዚያ ደግሞ «ያልተገመገሙ» ናቸው። ያልተገመገመውን ሁሉ ከጣልን ከወልወል ግጭት የሚተርፈን የሌሎቹ ቃል ብቻ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ሌላው ኅትመት ጠቃሚ ነው የሚለውን ነው። ጆርናልስ የተባለለትን ያህል ነው ወይ? በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጣው ምርመራ አለ። አንድ ሆን ተብሎ በግልጽ ስሕተት የተሞላ የመድኃኒት ጥናት አዘጋጅቶ ለ304 ጆርናሎች ላከ። 157ቱ ተቀበሉት። ከተጠቀመባቸው የፈጠራ ጸሐፊዎች አንዱ ኦኮራፉ ኮባንጌ ይባላል፤ የሚሠራውም አስመራ በሚገኝ «ዋሴ የሕክምና ተቋም» ነው። ሰውየውም ተቋሙም የሉም። አስመራ ስልክ ደውሎ የጠየቀ አርታኢ ቢኖር ኖሮ በአንድ ቀን ይታወቅ ነበር። ታላላቆቹም ቢሆኑ ነጻ አይደሉም። ኤልሰቪር የተባለው ግዙፍ አሳታሚ በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በአውስትራሊያ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕክምና ጆርናል የሚመስል ኅትመት አወጣ፤ ወጪውን የሸፈነው የመድኃኒት አምራቹ መርክ ነበር፤ አንባቢው ግን አልተነገረውም። በ2019 የአሜሪካ ፍርድ ቤት የሕንዱን ኦሚክስ አሳታሚ ተመራማሪዎችን አታሏል ብሎ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈረደበት። ኦሚክስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጆርናሎች ነበሩት፤ አብስትራክት ነበራቸው፣ መለያ ቁጥር ነበራቸው፣ «በባለሙያ የተገመገመ» ይሉ ነበር።

«ጆርናል ብቻ» የሚለው ትእዛዝ ተማሪውን ከማንም በላይ ለእነዚህ ያጋልጠዋል። ጽሑፍን በመልኩ እንዲለይ አስተምረነዋልና መልኩን ያስመሰለ ሁሉ ያታልለዋል። ዛሬ ደግሞ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ የጸሐፊ ስም፣ ርእስ፣ የጆርናል ስም፣ ቅጽና ገጽ አሟልተው በዓለም ላይ የሌለ ጽሑፍ መፍጠር ይችላሉ። በ2023 በኒውዮርክ እንዲህ ባሉ የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ተከራክረው የተቀጡት ጠበቆች ናቸው፣ ተማሪዎች አይደሉም። የዚህ መድኃኒት ምንጩን ከፍቶ ማንበብ፣ ማን እንደጻፈው፣ በምን ገንዘብ፣ ማንን ጠይቆ፣ የት ቆሞ እንዳየ መጠየቅ ነው። ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ለዘገባም ለጆርናልም አንድ ዓይን አለው።

ግምገማ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ብዙ ስሕተት ያስቀራል፤ ጸሐፊን ያርማል። ነገር ግን የሳይንስ ሁሉ መሠረት ተደርጎ የሚቀርበው ይህ ልማድ በዛሬ መልኩ ገና ወጣት ነው። «ኔቸር» እያንዳንዱን ጽሑፍ ለውጭ ገምጋሚ መላክን ግዴታ ያደረገው በ1973 ነው፤ የዋትሰንና የክሪክ የዲኤንኤ ጽሑፍ በ1953 ሲወጣ ለውጭ ገምጋሚ አልተላከም። ግሪጎሪ ፔሬልማን የፖይንካሬን ግምት የፈታበትን ሥራ ከ2002 ጀምሮ አርካይቭ በተባለው ክፍት ማኅደር ላይ አስቀመጠው፤ ጆርናል ላይ አላወጣውም። የሒሳብ ሊቃውንቱ ራሳቸው ለዓመታት መርምረው አጸደቁት። ገምጋሚ ሁለት ሦስት ሰው ነው፤ ቶጎጫሌን ረግጦ የማያውቅ ገምጋሚ ስለ ደላላው የተጻፈ ውሸት ቢያጋጥመው በምን ያውቀዋል?

የትእዛዙ ሥር የት እንደሆነ ብጠየቅ የመምህራን የማዕረግ ዕድገት መመሪያ ላይ ነው እላለሁ። መምህሩ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመሆን ጽሑፉን ዕውቅና ባለው ጆርናል ማሳተም አለበት። ለማሳተም የወጣ መስፈርት ነው፤ እንደዚያ ሆኖ ቢቀር ክፉ አይደለም። መምህሩ ግን በዚያ መስፈርት ሲመዘን ኖሮ ለማንበብም ያንኑ መስፈርት አወጣ። የት ላሳትም የሚለው ጥያቄና ምን ላንብብ የሚለው ጥያቄ አንድ ሆኑበት። ውጤቱ ደግሞ ቋንቋችንንም ነካ። «ጆርናል ብቻ» ማለት በተግባር «እንግሊዝኛ ብቻ» ማለት ሆኗል። የክልሉ ቢሮዎች በሶማሊኛና በአማርኛ የሚጽፏቸው ዘገባዎች፣ በሽምግልና የተያዙ የውል ሰነዶች፣ የነጋዴው የዱቤ ደብተር፣ ሁሉም ከዕውቀት ውጪ ይቀራሉ። ጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ በተማሪው አፍ መፍቻ ቋንቋ የኖረውን ዕውቀት ካልሰበሰበ ማን ይሰበስበዋል?

ከእኔ የማይስማሙት መምህራን የሚሉትን አውቃለሁ፤ ከልባቸውም ነው የሚሉት። የሚያማክሩት ተማሪ ብዙ ነው፣ ጊዜ የለም፤ በሩን ከከፈትንለት የፌስቡክ ልጥፍና የዊኪፔዲያ ገጽ ይዞብን ይመጣል፤ ቀላል ሕግ ይሻላል ይላሉ። የድርጅት ዘገባም ንጹሕ አይደለም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ርዳታ ለመጠየቅ የተጻፈ ዘገባ ችግሩን ያጋንናል። ፕሮጀክቱ ማብቂያ ላይ የተጻፈው ውጤቱን ያጋንናል። አማካሪ ድርጅት የሚጽፈው የቀጠረው መሥሪያ ቤት መስማት የሚፈልገውን ነው። ስለ ኮንትሮባንድ መጠን የሚወጡ ግምቶች እርስ በርስ እየተጠቃቀሱ መነሻቸው የጠፋ ብዙ ናቸው። ግን ይህን ሁሉ ያወቅነው ዘገባዎቹን ስላነበብን ነው። ያላነበበ ተማሪ እንደዚህ አድርጎ ሊጠረጥራቸው አይችልም። ቀላሉ ሕግም ሥራውን አይቀንስም፤ የማይታይ ያደርገዋል እንጂ። አማካሪው ያልጠየቀውን ጥያቄ ፈታኙ በዲፌንስ ቀን ይጠይቀዋል፤ ፈታኙም ካልጠየቀው ነገ የክልሉን የእንስሳት ፖሊሲ በዚያ ቁጥር ላይ የሚያቆመው ባለሥልጣን ይከፍለዋል።

እኔ የምጠይቀው ከዚህ የማያስቸግር ነገር ነው። ተማሪው የምንጩን ዓይነት ይጻፍ፤ አዋጅ ነው፣ የቆጠራ ዘገባ ነው፣ የመስክ ጥናት ነው፣ ዜና ነው፣ የተገመገመ ጽሑፍ ነው። ከዚያ ለዋና ዋናዎቹ ምንጮች ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨምር፤ ይህ ምንጭ ምን ማየት ይችል ነበር፣ ምንስ ማየት አይችልም? የእንስሳት ናሙና ጥናቱ 6 ዞን ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን አላየም። የወደቡ መዝገብ እንስሳው ከየት እንደመጣ አላየም። የ1999 ዓ.ም. ሕዝብና ቤት ቆጠራ በሶማሌና በአፋር የተካሄደው ከሌላው ሀገር ወራት ዘግይቶ በኅዳር 2000 ዓ.ም. መሆኑን ሳይጠቅስ የሕዝብ ቁጥር የሚያወዳድርም ይታረም። እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች መጻፍ የቻለ ተማሪ የኅትመት ዓይነቶችን መለየት ችሏል።

አንድ ከባድ ነጥብ ግን ለጆርናል ወገን እሰጣለሁ። ጆርናል በቀላሉ አይጠፋም፤ ዘገባ ይጠፋል። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያቆም ከ1985 ጀምሮ የረሃብ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ የኖረው የፊውስኔት ድረ ገጽ ተዘጋ፤ የዩኤስኤአይዲ ድረ ገጽም ወዲያው ጠፋ። ፊውስኔት ከወራት በኋላ ተመልሷል። በመካከሉ ግን የሶማሌ ክልልን የገበያና የድርቅ ዘገባዎች በሊንክ ብቻ የጠቀሰ ሁሉ ባዶ ገጽ ቀርቶት ነበር። ይህ ዘገባዎቹን ላለመጥቀስ ምክንያት አይሆንም፤ ለማስቀመጥ ምክንያት ነው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለዚህ ከማንም በላይ ቅርብ ነው። ንግድ ቢሮው፣ የእንስሳት ቢሮው፣ የጉምሩክ ቅርንጫፉ፣ የረድኤት ድርጅቶቹ ጽሕፈት ቤቶች፣ ሁሉም እዚያው ከተማ ውስጥ ናቸው። ስካነር፣ አንድ ኃላፊና ከቢሮዎቹ ጋር የሚፈረም ደብዳቤ ይበቃል። የኦስሪያው የ1999 እ.ኤ.አ. ጥናት፣ የ2007 እ.ኤ.አ. የገበያ ጥናት፣ የኑሮ ዘዴ ጥናቶቹ፣ በሶማሊኛ የተጻፉ የቢሮ ዘገባዎች በቁጥር ይመዝገቡ፤ ተማሪው በመደርደሪያ ቁጥራቸው ይጥቀሳቸው። የትምህርት ክፍሎቹም በሚቀጥለው የመመረቂያ ጽሑፍ መመሪያቸው ላይ «ጆርናል ብቻ» የምትለውን መሥመር ያውጡ።